ደሞዜ ከእማማ ዝናሽ ጣራ የወደቀ ለታ

በየከተማው አንድ የታወቀ ለማኝ አለ፤ ለራሱ ሲሆን ውሃ አጠጡኝ ማለት ያፍራል፣ ለሌላው ሲለምን ግን ሰውን ከተደበቀበት ጎሬ ያወጣል። የደብረ ታቦሩ ክቡር ደሞዜ ይባላል። ክቡርነቱን የሰጠነው እኛው ነን። ሌላ የምንሰጠው ይቀንስልናል ብለን ነበር፤ አልቀነሰልንም።

ክቡርነቱ የቴኒስ ሰው ነበር። አዲስ አበባ ኳስ ሲያቀብል አድጎ፣ ናይሮቢና ካይሮ ድረስ ዘልቆ በራኬት እንጀራውን የበላ። ጉልበቱ ሲከዳው ወደ ትውልድ አገሩ ተመለሰና የችግረኛ ጠበቃ ሆነ። ደብተር ያጣ ተማሪ፣ ጧሪ ያጣ ሽማግሌ ካለ ወሬው ደሞዜ ዘንድ ይደርሳል፤ ከዚያ ወዲያ ለእኛ ሰላም የለም። ነጋዴው ሙላቴ ነጯን ቁምጣ ከሩቅ ሲያይ (አዎ፣ በዚህ ብርድ ቁምጣ!) ሱቁን ገርበብ አድርጎ ከዱቄት ጆንያ ኋላ ይሸጎጣል።

"የለም!" ይላል ከውስጥ።

"ከሌለህ ማን ነው የሚመልስልኝ?" ይላል ደሞዜ።

እምቢ ቢሉት አይከፋውም። "መረብ ነክታ ነው፤ ትደገማለች" ብሎ በማግስቱ ይመጣል። በቴኒስ ሕግ የማስጀመሪያዋ ኳስ መረብ ነክታ ካለፈች እንደገና ትመታለች አሉ። አቤት፣ ስንቴ ነው የምትነካው?

ያልተረቱለት እማማ ዝናሽ ብቻ ነበሩ። ባላቸው ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን ናቸው። የጣራቸው ቆርቆሮ ዝጎ ወንፊት ሆኗል፣ ወራጁ በስብሷል፣ ሰኔም ገብቷል። አምና ሳል ይዟቸው ሊወስዳቸው ምንም አልቀረው፤ ዘንድሮም ክረምቱን እያፈሰሰባቸው ከከረሙ እንደማይተርፉ ራሳቸውም ያውቁታል። ግን ዕድሜ ልካቸውን ሰጪ እንጂ ተቀባይ ሆነው አያውቁም። ደሞዜ አዲስ ቆርቆሮ ለምኖ፣ በጋሪ አስጭኖ ሲመጣ በር ላይ ቆመው መለሱት።

"እኔ የወርቁ ሚስት ምጽዋት ልቀበል? ለስንቱ ስቆርስ የኖርኩት ሴትዮ?"

"ምጽዋት አይደለም እማማ፣ ስጦታ በሉት።"

"ስሙን ብትለውጠው ጣሙ ይለወጣል? ውሰድ ልጄ፣ ለቸገረው ስጥ።"

"አንቱስ? ዝናቡ ደረሰ እኮ!"

"ዝናቡ ከላይ ነው የሚመጣ፤ እሱን አላፍርበትም።"

ደጋግሞ መጣ፣ ደጋግመው መለሱት። እየሳቀ መሄድ የለመደው ሰው አንገቱን ደፍቶ ሄደ።

ሰንበት ብሎ ጭድ የሞላ ጆንያ አስጭኖ መጣ። "ለአንድ ሰው ቤት ምርጊት ነው እማማ። እኔ ቤት ቦታ የለም፤ እዚህ ላሳድረው?" ውለታ መዋል ነውና እሺ አሉ። ጆንያዎቹን ቤቱ መሐል እየጎተተ፣ ወደ ጣራው እያንጋጠጠ፣ ሲያስቀምጥ ሲያነሳ ረፈደ። እንስራቸውንም "እንዳይሰበርብዎ" ብሎ ጥግ አስያዘላቸው። ለጭድ ይህ ሁሉ ጣጣ ምንድን ነው ብለው ታዘቡት።

በማግስቱ ጠዋት ከራሳቸው በላይ ኮቴ ሰሙ።

"ማነህ አንተ?"

"እኔ ነኝ እማማ! ቀዳዳውን ልየው ብዬ..."

አልጨረሰም። ወራጁ ቋ አለ፤ ክቡር ደሞዜ ከነነጭ ቁምጣው ቤት መሐል ዱብ አለ። የጣራው ገሚስም ተከትሎት ወረደ።

"ኧረ የሰው ያለህ! ቤቴን ናደው!"

ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ ወጣ፤ ሽማግሌም ተቀመጠ። ደሞዜ ላስረዳ ብሎ አፉን ሲከፍት የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ ቄስ ይርጋ "ከወደቁ በኋላ መንፈራገጥ ለመላላጥ" ብለው ዝም አሰኙት። ፍርዱም አጭር ነበር፤ ያፈረሰ ይሥራ፣ ጣራውን በሙሉ በአዲስ ቆርቆሮ ይካስ።

እማማ ዝናሽ ነጠላቸውን አስተካከሉ። "ካሳማ ሐቄ ነው፤ እንዴት አልቀበል!"

ቆርቆሮው መቼም ተዘጋጅቶ የቆየ ነው። ምስማሩን ሙላቴ ሳይለመን ሰጠ፤ ከተማውን ያስገረመው ይኼ ነው። ጣራው ዝናቡን ቀድሞ አለቀ።

ክረምቱ ዶፉን ሲያወርደው እማማ ዝናሽ ደረቅ አልጋቸው ላይ ጋደም ብለው ያሰላስሉ ጀመር። ኳስ የት እንደምታርፍ ሲገምት የኖረ ሰው፣ ያ ሁሉ ወለል እያለ የወደቀው ጭዱ ላይ ነው። እንስራቸውን ጫፏን እንኳ አልነካትም። "አይ አንተ መሠሪ!" ብለው ለብቻቸው ሳቁ፤ ሳቁና አለቀሱ።

ጭዱ ግን ጉልበቱን አላዳነለትም። ደሞዜ አልጋ ላይ መዋሉን ለማንም አልተናገረም። እሳቸው ወሬውን እንደሰሙ ምሳ ቋጥረው፣ ጭቃውን እየረገጡ ቤቱ ድረስ ሄዱ።

"አይሆንም እማማ፣ ምን አደከመዎት? እኔ ሰው ማስቸገር አልወድም" አለ። ደሞዜ ነው ይህን ያለ!

እማማ ዝናሽ ቋጠሮውን አስቀመጡ። ጥግ ላይ የተደፋችውን አንዲት ሸክላ ድስቱን አነሱ። ገልበጥ አድርገው አዩዋት፣ ሌላ ድስት እንደሌለው አረጋገጡ፣ ከዚያ እጃቸውን ለቀቅ አደረጉ።

"ውይ!" አሉ ስብርባሪውን እያዩ። "ሰበርኩብህ ልጄ። እንግዲህ ካሳ አለብኝ፤ እስክትድን ምሳህም ራትህም ከእኔ ነው። ትበላለህ ወይስ ቄስ ይርጋን ላስጠራ?"

ደሞዜ ስብርባሪውን አየ፣ እሳቸውን አየ። እጁንም ለመታጠብ ዘረጋ።