አላገባሁም ብላ የፈረመችው ሚስቴ

መሥሪያ ቤት ለሚዋሽ ሰው የተመቸ ነው። በሐሜት አይደለም የምለው፤ ደርሶብኝ ነው። ለመዋሸት አንድ ወረቀት፣ ሦስት ምስክርና አንድ ማህተም ይበቃል፤ ከረፋዱ በፊት አልቆ ሻይ ይጠጣበታል። እውነት ልናገር ብሎ ለሄደ ግን የትኛው መስኮት ላይ እንደሚሰለፍ እንኳ የሚነግረው አያገኝም። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ያለው ሰው መቼም ደግ ሰው ነበር፤ ጡረታ ቢሮ ግን ሄዶ አያውቅም።

እኔ የወሎ ሰው ነኝ። ኢሕአዴግ በገባ በጥቂት ዓመት ውስጥ ነርስ ሆኜ ባሌ ተመደብኩ። ሥራዬ ጎባ፣ ኑሮዬ ሮቤ። ለሚጠይቀኝ ሁሉ «ጎባ ብርዱ አልቻልኩትም» እላለሁ፤ እውነቱ ግን ዘሃራ ሮቤ ስለነበረች ነው። ዘሃራ የመጀመሪያ ባሏ የመንግሥት ሹፌር ነበር፤ ታሞ ሞተባትና በየወሩ የሟች ሚስት አበል ትቀበላለች። እኔና እሷ በኒካህ ተጋባን። ሼኹ ነበሩ፣ ምስክር ነበረ፣ በግ ታርዶ ሰፈሩ በላ። ማዘጋጃ ቤት ብቻ አልሄድንም። ለምን ቢባል፣ ባል ያገባች ሴት አበሉ ይቋረጥባታላ! በዚያች አበል ነበር ጤፋችንን የምንገዛው።

ስለዚህ በየዓመቱ ዘሃራ «ባል አላገባሁም፤ ብቻዬን ነው የምኖረው» ብላ ትፈርማለች፣ ሦስት ጎረቤቶችም «እውነቷን ነው» ብለው ይመሰክራሉ። ከሦስቱ አንዱ ፊት ለፊታችን የሚኖሩት ኦቦ ጀማል ናቸው። የኒካሃችን ምስክርም እሳቸው ነበሩ። በአላህ ፊት ባል መሆኔን፣ በቀበሌ ፊት ባል አለመሆኔን በአንድ አፍ መሰከሩልኝ፤ ሁለቴም ምሳ በልተዋል።

የቀበሌ ሰው ሲመጣ እኔ ተከራይ ነኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ በገዛ ቤቴ ተከራይ ሆኜ ኖርኩ። አንድ ቅዳሜ ታዲያ ዘሃራ በረንዳ ላይ አስቀምጣኝ ፀጉሬን ስትቆርጥልኝ አንዱ የቀበሌ ሠራተኛ ከች አለ። «ተከራዬ ነው» አለችው መቀሷን ሳታስቀምጥ። ሰውዬው እኔን አየ፣ እሷን አየ፣ ፈገግ አለና «ተከራይ እንዲህ የምትንከባከቢ ከሆነ ለእኔም አንድ ክፍል ፈልጊልኝ እንጂ» አላት።

ባል ብሆን ኖሮ አንገቱን አንቄ ይዤው ነበር። ተከራይ ስለሆንኩ ሳቅኩ።

ዘሃራ አልሳቀችም። ፀጉሬን በግማሹ ትታ ገባች። ስከተላት «ሚስትህን ሲሰድቧት የምትስቅ ሰው ያደረግኩህ እኔ ነኝ» አለችኝ። በዚያ ሰሞን እዚያው ባሌ ወዳለው የሼክ ሁሴን መስጊድና መቃብር ለጉዞ እየተሰናዳች ነበር። «አላገባሁም ብዬ በማልኩበት አፌ እዚያ ሄጄ ዱዓ አላደርግም። ሰኞ ጡረታ ቢሮ ሄጄ ላርመው ነው» አለች። ጀግና መስዬ እንዳልታያችሁ፣ ተቃወምኩ። ጤፉን አነሳሁ። ቅጣቱን አነሳሁ። «ማንም ሳይጠይቅሽ?» አልኳት። «ሲጠይቁኝማ ዋሸሁ» ብላ አፌን አስያዘችኝ።

ሰኞ አብረን ሄድን። የቢሮው ሠራተኛ ጉዳይዋን ሰማና መነጽሩን አወለቀ።

«ማን ጠቆመብሽ?»

«ማንም።»

«ከባልሽ ተጣልተሽ ነው?»

«ይኸው አጠገቤ ቆሟል።»

«ታዲያ ምን ሆነሽ መጣሽ?»

«የዋሸሁትን ላርም።»

ሰውዬው የባልደረባውን ስም ጠርቶ «ና እስቲ ይቺን ስማ» አለ። እንደ ታምር አዩን። ከዚያ ማግባቷን የሚያሳይ ማስረጃ እንድታመጣ ታዘዘች። ቀበሌ ሄድን፤ ፋይሏን ገልብጠው ባል እንደሌላት አነበቡልን። ባልየው እዚያው ቆሜያለሁ! ፋይሉን ለመለወጥ ሦስት ምስክር ያስፈልጋል ተባለ። ወደ ኦቦ ጀማል ሄድን።

«ልጄ ዘሃራ» አሏት፣ «በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች ይባላል። አንቺ ግን የምታሳጥሪው የእኛንም ነው። አንቺ ነፍስሽን ስታጥቢ እኔ በሐሰት ምስክርነት ልታሰር?»

«እርስዎ አይታሰሩም፤ ያስዋሸኋቸው እኔ ነኝ እላለሁ» አለቻቸው። አላመኗትም። እኔም ብሆን አላምንም።

በመጨረሻ ያዳኑን ሼኹ ናቸው። ቀበሌ ድረስ መጥተው «ኒካሁን ያሰርኩት እኔ ነኝ። እስከ ዛሬ የጠየቀኝ ስለሌለ ነው ዝም ያልኩት» አሉ። ከሦስት ወር ምልልስ በኋላ ባል ሆንኩ። አበሉ ተቋረጠ፣ የተወሰደው በየወሩ ከደሞዜ እየተቆረጠ እንዲመለስ ፈረምን። የታሰረ የለም። ዘሃራ ሼክ ሁሴን ሄዳ መጣች፤ እኔም አበቃ ብዬ ነበር።

የት ይበቃል! ቢሮው «በዚሁ ሰፈር ያሉ ባለ አበል ሴቶች ይጣሩ» ብሎ ለቀበሌው ጻፈ። ከአጥራችን ወዲያ ሩቂያ ትኖራለች፤ የሟች መምህር ሚስት። ከጎሮ እህል የሚያመጣ አንድ ነጋዴ እሷ ጋ ይኖር ነበር። እንደ እኛው ነበሩ፣ ከእኛ የሚለዩት ሰውዬው ጎሮ ላይ ሌላ ሚስት ስላለው ብቻ ነው። የቀበሌ ሰዎች መጥተው ሙሉ ስሙን ሲጠይቁት «ሻንጣዬ ውስጥ መታወቂያ አለ» ብሎ ገባ፤ ሻንጣውን ይዞ በጓሮ ወጣ። ሩቂያ አበሏንም ሰውዬውንም በአንድ ሳምንት አጣች። ትልቁን ቤት አከራይታ ከኋላ ያለችው ክፍል ውስጥ ገባች።

አንድ ቀን ደጃችን ላይ ቆመች። ግቢ ብትባል አልገባም አለች።

«አንቺ ጀነት ትገቢያለሽ አሉ» አለቻት ዘሃራን። «እኔን ጓሮ አስገብተሽ።»

እኔ ለማንኛውም ነገር መልስ የማላጣው ሰው፣ የጫማዬን ክር ሳስር ቆየሁ።

ሰፈሩ አኮረፈን። ድሮ በኦሮምኛ «አካም ጂርቱ»፣ እንዴት ናችሁ፣ ብሎ የጀመረ ሰው ከእኛ አልፎ ስለ ላሙ፣ ስለ ገብሱ፣ ወሎ ስላለችው እናቴ ሳይጠይቅ አይሄድም ነበር፤ አሁን «ነጋ»፣ ሰላም፣ ብቻ ብሎ ይፈተለካል። ስንዋሽ አብረውን በልተው ነበር። ይባስ ብሎ የቀበሌው ሊቀመንበር በስብሰባ ላይ ዘሃራን አስነስቶ «ሞዴል ነዋሪ» አላት። ጭብጨባ ጠየቀ። ማንም አላጨበጨበም። እኔ አጨበጨብኩ፤ በሕግ የታወቅኩ ባል ነኝ፣ ምን ላድርግ?

ዓመቱ ዞረና የባለ አበል ሴቶች ፊርማ ደረሰ። በዚህ ጊዜ ቢሮው ምስክር መምረጥ ጀመረ፤ ያለ ጥያቄ የሚቀበለው የዘሃራን ቃል ብቻ ሆነ። ያኮረፈን ሰው ሁሉ በራችንን አንኳኳ። ኦቦ ጀማል ሳይቀሩ ስኳር ይዘው ባል የለኝም የሚል የእህታቸውን ወረቀት አመጡ፤ እህታቸው አራስ ናት። «አንቺ ከፈረምሽበት ማንም አይጠይቅም» አሏት። ዘሃራ ስኳሩንም ወረቀቱንም መለሰች። ለማንም አልፈርምም አለች።

በመጨረሻው ቀን ሩቂያ መጣች። ሰላምም ሳትል አበሏን ለማስመለስ የሞላችውን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አኖረች። «ባል የለኝም፤ ብቻዬን ነው የምኖረው» ይላል።

ዘሃራ አነበበችው። ከዚያ እስክሪብቶ ስጠኝ አለችኝና ፈረመች። ይህን ቃል ሐሰት ነው የሚል ሰው አይኖርም፤ ሩቂያ እውነትም ብቻዋን ናት። ብቻዋን ያስቀረናት እኛው ነን።