ያደረ አልበላም

ዛሬ ሌሊት ሕልም አየሁ። ፍቺውን እንዲነግረኝ ማንንም አልለምንም፤ ራሴው ፈትቼዋለሁ። እናንተ ዝም ብላችሁ ስሙኝ።

ግን ከየት እንደመጣብኝ ካልነገርኳችሁ ይጎድላል። የባለቤቴ የልሳኑ ታላቅ እህት እትዬ ብርነሽ ትናንት አመሻሽ ላይ ሳይደውሉ ሳይናገሩ ከደብረ ብርሃን ከተፍ አሉ። እንግዳን ደግሞ "ቆዩ፣ ገበያ ደርሼ ልምጣ" አይሉትም። ጓዳዬ ውስጥ የነበረው ከትናንት ወዲያ የተረፈ ምስር ወጥ፣ ጥቂት ቋንጣ፣ ሽንኩርትና በቆርቆሮ ያስቀመጥኩት ድርቆሽ ነው። እኔ የሺመቤት፣ እንጀራ ሲተርፈኝ አልደፋም፤ ፀሐይ ላይ አድርቄ ለክፉ ቀን አኖረዋለሁ። እትዬ ብርነሽ ጫማቸውን አውልቀው፣ እግራቸውን ታጥበው፣ ስለ መንገዱ አማርረው ሳይጨርሱ ቤቱን ያወደ ፍርፍር አቀረብኩ። ትሪውን አዩት። እኔን አዩኝ። ከዚያ ትሪውን በጣታቸው ጫፍ ገፋ አደረጉት።

"እኔ ያደረ አልበላም" አሉ።

"ኧረ እትዬ፣ አሁን እኮ ነው የሠራችው!" አለ ልሳኑ።

"ምስሩ መቼ ተሠራ? እንጀራውስ መቼ ተጋገረ? አንተ ደግሞ እኔን ልታስተምረኝ ነው?"

በሻይና በዳቦ ተኙላችኋ! እኔ ደሜ ፈላ። ሰፈሩ ሁሉ እጄን ያውቃል። ድንገት እንግዳ የመጣባት ሴት ሁሉ "የሺ፣ ቤቴ ባዶ ነው፣ ምን ልሥራ?" ብላ የምትሮጠው ወደ እኔ ነው። "የማን ቤት ነው ባዶ? እስቲ ቆርቆሮሽን ክፈቺ" እላታለሁ፤ ከዚያች ቆርቆሮ ምሳ ይወጣል። "እጅሽ ይባረክ" የምትባለዋን ቃል ግን ከእትዬ ብርነሽ አፍ ከሠርጌ ቀን ጀምሮ አንዴም ሰምቼ አላውቅም። ያቺን ቃል ነው የምፈልገው፤ ሌላ ምንም አልፈልግባቸውም። ፍርፍሩን ወደ ድስቱ መልሼ፣ ከድኜ ምድጃው ላይ ተውኩትና እንደተናደድኩ ተኛሁ።

በሕልሜ ገበያ ወጣሁ። ገበያው ግን ተገልብጧል። ሽንኩርቶች ዘንቢል አንጠልጥለው ይዞራሉ፤ ሰዎች መደብ ላይ ተደርድረው ይሸጣሉ። አንድ ቀይ ሽንኩርት የአንድ ሰውዬን ጉንጭ ጫን ጫን አድርጎ "ይሄማ ውስጡ በስብሷል" ብሎ ትቶት ሄደ። ሌላው ደግሞ የገዛውን ሰው እዚያው ቆሞ ኮቱን፣ ሹራቡን፣ ሸሚዙን ይልጠዋል፤ እንባው ዱብ ዱብ ይላል።

"ምን ያስለቅስሃል?" አልኩት።

"ሰው ሲላጥ ዓይን ያቃጥላል" አለኝ።

አንድም ሽንኩርት እኔን ሊነካኝ አልደፈረም። ሻጯ ቲማቲም "እሷን ተዉአት፣ ባለሙያ ናት፣ አትሸጥም" ስትላቸው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ደረቴን ነፍቼ አለፍኩ።

ከገበያው መውጫ ላይ ኬላ ነበር። መነጽር ያደረገ ሙክት በግ ቆሞ መንገደኛውን ሁሉ ይፈትሻል።

"ትኩስ ነገር ይዘሻል?" አለኝ።

"ኧረ እግዜር ይጠብቀኝ!"

ቦርሳዬን አሸተተው። ድርቆሼን ሲያገኝ መነጽሩን አውልቆ፣ ቀንዱን ዝቅ አድርጎ እጅ ነሣኝ። ከኋላዬ የነበረው ሰውዬ ግን ጉድ ፈላበት። ለካስ ጋቢው ውስጥ እንጀራ ደብቆ ኖሯል።

"የትናንት ነው! እናቴ ትሙት፣ የትናንት ነው!" እያለ ይምላል።

በጉ ሰኮናውን እንጀራው ላይ አሳረፈና "ይሞቃል!" ብሎ ጮኸ። ሁለት ጭልፋዎች ከየት መጡ ሳይባሉ ብቅ አሉ፤ ሰውየውን በግራና በቀኝ ይዘው እያንጠለጠሉ ወሰዱት። ወዴት ነው ብዬ ብጠይቅ "ወደ ፍርድ ድንኳን፣ አንቺም ትፈለጊያለሽ" ተባልኩ።

ድንኳኑ ደጃፍ ላይ ሱፍ የለበሱ፣ ክራባት ያሰሩ ሰዎች ሙሉ ሙሉ የበግ ጥብስ በትከሻቸው ተሸክመው ይለምናሉ። "ስለ ወላዲት አምላክ! ይህን በግ ተቀበሉንና ትራፊ ስጡን! ልጆቻችን የተረፈ ቀምሰው አያውቁም!" ይላሉ። አንጀቴን በሉት። ከቦርሳዬ ድርቆሽ ቆንጥሬ ሰጠኋቸው፤ ተሻምተው ወሰዱና እግሬን ሊስሙ ተንበረከኩ። በገዛ ቆርቆሮዬ እንዲህ መከበሬ ደስ አሰኘኝ፣ ምን እዋሻለሁ?

ውስጥ ስገባ ሰዉ ሁሉ ቆሟል፤ የተቀመጡት ወንበሮቹ ብቻ ናቸው። መሶቡ አናት ላይ ዳኛዋ ጉብ ብላለች። ዳኛዋ ዶሮ ናት። ከፊቷ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሥረው፣ አንገታቸውን ደፍተው የቆሙትን ተከሳሽ ጠጋ ብዬ አየሁ። እትዬ ብርነሽ!

"ብርነሽ!" አለች ዳኛዋ። "ዶሮ በጠዋት ሠርተሽ በምሳ አቅርበሻል?"

"አዎ፣ ግን እንግዳ መጥቶብኝ..."

"ዝም በይ! አንድ ሌሊት እንኳ ሳታሳድሪኝ! ቅመሙ ገና ሳይገባኝ!" ብላ በክንፏ ፊቷን ሸፍና ተንሰቀሰቀች። ሕዝቡም አብሮ አለቀሰ። ሲወጣላት ጉሮሮዋን ጠርጋ ፈረደች። "ዕድሜ ልክ ትኩስ!"

ድንኳኑ "ወዮ!" አለ። አንዷ ወይዘሮ ተዝለፍልፋ ወደቀች።

"አንድ መውጫ ብቻ አለ" አለች ዶሮዋ። "ይህ እዚህ የተጣደው ውሃ እስኪፈላ ድረስ፣ ቤት ካፈራው ነገር ብቻ ማዕድ የምትሠራላት ዘመድ ካለቻት ትፈታለች። ገበያ መሄድ ክልክል ነው።"

እትዬ ብርነሽ ቀስ ብለው ዞሩ። ዓይናቸው እኔ ላይ አረፈ።

"የሺዬ" አሉኝ። "የሺመቤቴ።"

በስሜ እንኳ አቆላምጠውኝ አያውቁም እኮ! የናቁት ያደርጋል ራቁት አልኩ በሆዴ። ትንሽ ይቁሙ፣ ትንሽ ይጨነቁ ብዬ ነበር። ግን የባሌ እህት ናቸው፤ ደግሞ ባዶ ድስት ሳይ እጄ አያስችለውም። ቀሚሴን ሰብሰብ አድርጌ "ምድጃ!" አልኩ።

ምድጃው እየሮጠ መጣ። ድስቱ ዘሎ ላዩ ላይ ወጣ። ሽንኩርቱ ራሱን ከተፈ፤ ቸኩሎ በትልልቁ ሲከትፍ "አድቅ እንጂ! ለማን የምናቀርበው መሰለህ?" ብዬ ገሠጽኩት፤ ይቅርታ ጠይቆ አደቀቀ። ዘይትና በርበሬ ተሰልፈዋል። በርበሬው ቀድሞ ሊገባ ሲሽቀዳደም በማማሰያ መለስኩት፤ ሽንኩርት ሳይበስል በርበሬ አይገባም። ቋንጣው ተሰባብሮ ገባ። ከዚያ ያደረው ምስር ወጥ ከዘራውን ተመርኩዞ፣ እያሳለ ገባ፤ ለክብሩ ወንበሮቹ ሁሉ ተነሡ። ድርቆሹ በመጨረሻ ነው፣ ያውም ድስቱ ከእሳት ከወረደ በኋላ። ቀድሞ ከገባ ገንፎ ይሆናል፤ ይህን የማታውቅ ሴት ፍርፍር ሠራሁ አትበል። ውሃው ገና ሊንተከተክ ሲል እኔ ከድኜ ጨርሻለሁ። ውሃው አፍሮ መልሶ ቀዘቀዘ።

ዳኛዋ ወርዳ አንዴ ጠቅ አደረገች። ዓይኗን ጨፈነች። ሌላ ጠቅ። ከዚያ አንድ ዓይኗን ገልጣ አየችኝ።

"ጨው ስትጨምሪ አላየሁም" አለች።

እትዬ ብርነሽ ነጠላቸውን ነከሱ።

"አልጨመርኩም" አልኩ ሳልፈራ። "ያደረ ወጥ ጨዉን ይዞ ነው የሚያድር። ቋንጣውም የራሱ አለው። ከላይ የሚጨምር ሰው ወጡን ሳይጠይቅ የጨመረ ነው።"

"ተፈትታለች!" አለች ዶሮዋ። ሙክቱ በጉ እልልታውን አቀለጠው። ጭልፋዎቹ ከድርቆሽ የተሰፋ ካባ አምጥተው ትከሻዬ ላይ ደረቡልኝ፤ ስራመድ ኮሽ ኮሽ ይላል። የዚያ አገር ባለሥልጣኖችም ቆባቸውን በእጃቸው ይዘው ፊቴ ተሰለፉ።

"እመቤቴ፣ ጉዳያችን ዛሬ ያልቅልን ይሆን?"

"ነገ ኑ" አልኳቸው። "ያደረ ይጣፍጣል።"

እትዬ ብርነሽ ከሰልፉ ሁሉ ቀድመው መጡ። ሊንበረከኩ ሲሉ "ኧረ በሞቴ!" ብዬ ያዝኳቸው። እጄን በሁለት እጃቸው ጨበጡት። እንባቸው ሽንኩርት እንደላጠ ሰው ይወርዳል።

"እጅሽ..." አሉ።

ሕዝቡ ጆሮውን ቀሰረ። ዶሮዋ እንኳ አንገቷን አሰገገች።

"እጅሽ... የሺዬ፣ እጅሽ..."

በሉ እንጂ እትዬ! በሉት! ከሠርጌ ቀን ጀምሮ እኮ ነው የምጠብቀው!

"እጅሽ..."

ቋ! አለ አንድ ነገር፤ ነቃሁ።

ነግቷል። ልሳኑ አጠገቤ ያንኮራፋል። ቋ ያለው ከማድ ቤት ነው። ይቺ የጎረቤት ድመት ዛሬ አገኘኋት ብዬ ነጠላ ጫማዬን በእጄ ይዤ፣ ድምፅ ሳላሰማ ሄድኩ። በሩን ገፋ አደረግኩት።

የድስቱ ክዳን መሬት ላይ ወድቋል። እትዬ ብርነሽ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ፣ በሌሊት ልብሳቸው ላይ ነጠላ ጣል አድርገው፣ ድስቴን ብብታቸው ሥር ሸጉጠው ቆመዋል። በአመልካች ጣታቸው የድስቱን ዙሪያ ይጠርጋሉ።

"እትዬ?" አልኩ።

ዞሩ። አፋቸው ሞልቷል። አገጫቸው ላይ አንዲት ምስር ተለጥፋለች። እኔ ጫማዬን ዝቅ አደረግኩ፤ እሳቸው አላመጡ፣ ዋጡ፣ አገጫቸውን በነጠላቸው ጠረጉ።

"ጨው አንሶታል" አሉኝ።

ድስቱን ተቀበልኳቸው። ፍርፋሪ የለበትም፤ የሚታጠብ ነገር እንኳ አልተዉልኝም። ድስቱን ወደ እሳቸው ዘንበል አድርጌ አሳየኋቸው። አዩት። ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ ልሳኑ እንዳይሰማ ወደ በሩ አንዴ ተመለከቱ፣ ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ሌላ ያደረ የለሽም?"