ሰማያዊ ቁልፍ ሰብሳቢው ልብስ ሰፊ

በእያንዳንዱ ሰፈር የሰውን ፍቅር ከባለቤቱ በላይ የሚያውቅ አንድ ላጤ አይጠፋም። ቢጠፋ እንኳ ሰፈርተኛው ከጎረቤት ሰፈር ይዋሳል።

የእኛ ድርሻ ክቡር ፕሮፌሰር ናቸው። ማዕረጉን የሰጠናቸው እኛ ነን፤ በሥራቸው ልብስ ሰፊ ናቸው። ሃምሳ ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው፣ ሜትራቸውን እንደ ኒሻን አንገታቸው ላይ የሚያጠልቁ፣ ከስፌት መኪናቸው በላይ በተሰቀለች ትንሽ ቴሌቪዥን ቀኑን ሙሉ የእንስሳት ፊልም የሚያዩ ሊቅ ናቸው። ድምፁን ይዘጉታል። «እንስሳ በተግባር እንጂ በወሬ አያገባም» ይላሉ። ወሬውን ለራሳቸው አስቀርተውታል።

ሱሪ ሊያሳጥር የገባ ሰው ሳይማር አይወጣም። አንድ ሙሽራ «ኮቱ ከበደኝ» ቢላቸው እስፒላቸውን ከአፋቸው አውጥተው፣ «የጣዎስ ጭራስ? ለመብረር ያስቸግረዋል፤ ለነብር ያጋልጠዋል። ሴቷ ግን ‹ይህን ሁሉ ጎትቶ በሕይወት ካለ ጉልበት አለው› ትላለች። ቻለው ልጄ!» አሉት። ታክሲውን በቀን ሦስቴ የሚወለውለውን ሹፌርማ፣ «አንድ ክንዱን አግዝፎ ለሴት የሚያውለበልብ ሸርጣን አለ፤ ሥጋ ዘመድህ ነው» ብለውታል። እኔንም አልማሩኝም። ሽቶ ተቀብቼ ብገባ ሦስቴ አሽትተው፣ «በመዓዛው ሴት የሚያባብለው ወንዱ ቢራቢሮ መጣ!» አሉ።

የትምህርቱ መዝጊያ ሁልጊዜ አንድ ነው። ጣታቸውን ወደ ጣሪያው ይቀስሩና «ያም ሆነ ይህ፣ መራጯ ሴቷ ናት!» ይላሉ።

ይህን ሁሉ የሚያውቁት ሰው ታዲያ፣ ከግድግዳው ወዲያ ክርና ቁልፍ ከምትሸጠው ሴት ጋር «እንደምን አደሩ»ን አልፈው ለመሄድ ዘጠኝ ዓመት አልበቃቸውም። ባሏ ከሞተ ቆይቷል፤ ሳቋ ግድግዳ ያልፋል። ስትስቅ የፕሮፌሰሩ ስፌት መኪና ቀጥ ይላል።

ከዚያ ወሬው መጣ፦ የሱቋ ውል በወሩ መጨረሻ ስለሚያልቅ ወደ ከተማው ሌላ ጫፍ ልትሄድ ነው። ፕሮፌሰሩ ያን ቀን ለአንድ ኮት ሁለት ግራ እጅጌ ሰፉ።

«ይንገሯት እንጂ!» አልኳቸው።

«ቃል ምን ያደርጋል? እየው ይሄን» ብለው ወደ ቴሌቪዥኗ ጠቆሙኝ። አንድ ወንድ ወፍ ከስንጥር ዳስ ሠርቶ፣ ደጃፉ ላይ ያገኘውን ሰማያዊ ነገር ሁሉ ይደረድራል። ሴቷ ትመጣለች፤ ትመረምራለች፤ ደስ ካላት ትገባለች።

በማግስቱ ክር ቤት ሄደው «ሰማያዊ ቁልፍ አለ?» አሉ። በሦስተኛውም ቀን። በሳምንቱም። የሱቃቸው መስኮት በሰማያዊ ቁልፍ፣ በሰማያዊ ክር፣ በሰማያዊ ዚፕ ተሞላ። ወፏን በራሷ ላባ ማባበል ይሏል ይሄ ነው! ደግሞም እሷ የምትመጣው ከመንገዱ በዚያኛው በኩል ስለሆነ፣ በመስኮቱ ፊት አልፋ አታውቅም። ይህን አንዳችንም አላሰብነውም።

በወሩ የመጨረሻ ቀን ግን ካርቶን ታቅፋ መጣች። ቡናማ ኮቴን ልለካ በአንድ እጅጌ ለብሼ ቆሜያለሁ።

«አንተ ሰውዬ! የየትኛው ትምህርት ቤት ዩኒፎርም ነው እንዲህ የማያልቀው? እንካ፣ የቀረኝ ሰማያዊ ይሄ ነው፤ ልዘጋ ነው...»

መስኮቱን አየች። ተጠግታ መረመረች፤ የተጣመመ ቁልፍ አቃናች፤ አንዷን አነሳችና «ይቺ አረንጓዴ ናት» አለች።

የፕሮፌሰሩ አፍ በእስፒል ተሞልቷል።

«ለማን ነው ይሄ ሁሉ?»

እስፒሉን አንድ በአንድ አወጡ። «ለ... ለእርስዎ።»

ሳቋ ጣሪያውን ሊያነሳው ምንም አልቀረው። «ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አፍህ የት ነበር?»

«መራጯ ሴቷ ናት ብዬ...»

«እኔማ ከመረጥኩ ስምንት ዓመቴ! አንተ ቴሌቪዥን ታያለህ!» ብላ ካርቶኑን አስቀመጠች፤ በርጩማ ስባም ተቀመጠች።

እንደተቀመጠች ቀረች። ክር ቤቱ ዛሬ የልብስ ስፌቱን ግማሽ ይዟል፤ ቴሌቪዥኗም ድምፅ አውጥታለች።

የእኔ ቡናማ ኮት በዚያ ሁካታ መሀል ሰባት ሰማያዊ ቁልፍ ተተክሎለት ወጣ። ሌላ ሰፊ ጋ ወስጄ ላስቀይረው ሁለቴ ከቤት ወጥቼ ሁለቴ ተመልሻለሁ። ትናንት አውቶቡስ ውስጥ አንዲት ልጅ ቁልፎቼን ትክ ብላ አይታ ፈገግ አለች። ሰባቱንም ቆላልፌ፣ ደረቴን ነፍቼ ቆምኩ። ስወርድ ወደ ቤቴ አልሄድኩም። ይህን ለማን እንደምነግር አውቃለሁና ወደ ልብስ ስፌቱ ሮጥኩ።