ባምባሲ የተላከው ሙሽራ

የፍቅር ታሪክ የሚንቅ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? አሶሳ አጠገብ ባለችው የሰፈራ መንደራችን ሞልቷል። በማሽላው ማሳ ዳር በእረፍት ሰዓት የጻፍኩትን ሳነብላቸው ጆሯቸውን ሰጥተው ይሰማሉ፤ ንቀቱ የሚመጣው ካለቀ በኋላ ነው።

በሂስና ግለ ሂስ ስብሰባ ተራው የእኔ ሆነ። ሊቀመንበሩ ተነሳና፣ "ጓድ ዘነቡ፣ ባልሽን ቀብረሽ፣ ጥቁር ለብሰሽ ስለ ሙሽራ ትጽፊያለሽ? አያሳፍርም?" አለኝ።

ያሳፍራል እንጂ! ነጠላዬን ተከናንቤ አቀረቀርኩ። ታሪኩ ቁም ነገር እንዲኖረው ሙሽራው ይሙት ተብሎ በጭብጨባ ተወሰነ። እኔም እሺ አልኩ። ከኋላ የተቀመጡት የወሎ ሴቶች ብቻ፣ "ኧረ አፈር ስሆንልሽ፣ አትግደይው!" ብለው አንሾካሾኩ።

ከዚያ ወዲህ ሊቀመንበሩ መንገድ ላይ ባገኘኝ ቁጥር፣ "ሞተ?" ይለኛል።

"ገና ነው ጓድ፤ ጨው ሊገዛ ባምባሲ ገበያ ሄዷል።"

ግራ ቀኙን ያይና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "መንገዱ ጭቃ ነው፤ ቀስ ብሎ ይምጣ" ይላል።

ታዲያ እንዴት አላፍር? በምናቤ የፈጠርኩትን ሰው በጨው ሰበብ ከሞት አዘገየሁት። የራሴን ባል ግን ወባ ሊወስደው ሲመጣ የምልክበት ገበያ አጣሁ።