አራት ጎን ያላቸው ሊቀመንበር

ትናንት፣ ፀሐይ አናት ላይ ሳለች፣ ሕልም አየሁ። የት ተኝቼ እንደነበር መጨረሻ ላይ እናገራለሁ፤ የሚያኮራ ቦታ አይደለም።

ፋብሪካችን በር ላይ ስደርስ ዘበኛው የለም። በእሱ ፈንታ የብረት መሰርሰሪያ፣ እኛ ፑንታ የምንለው፣ ቆሞ ሠራተኛውን ይፈትሻል። ቁመቱ እኔን ያህላል፤ የዘበኛውን ኮፍያም አድርጓል።

“ስንት ጎን አለህ?” አለኝ።

“ሰው ነኝ። ፊትና ጀርባ አለኝ።”

“ሁለት ብቻ? ስትደነዝዝ ወዴት ልናዞርህ ነው?”

ሃያ ስድስት ዓመት በጥራት ተቆጣጣሪነት ስሠራ ለኪው እኔ ነበርኩ። እሱ ግን ጭንቅላቴን በካሊፐር ለካና ከንፈሩን መጠጠ። “እሺ፣ ለጊዜው ግባ።”

ውስጥ ቀዳዳዎች ወለሉ ላይ ተደርድረዋል። ብረት የለም፤ ቀዳዳ ብቻ። እዚያ አገር መጀመሪያ ቀዳዳው ይበሳል፤ ብረቱ በኋላ ይፈለግለታል። ጎንበስ ብዬ አንዱን ለካሁት።

“አንተ ጠመሃል እኮ!”

“እኔ አልጠመምኩም” አለኝ ኮራ ብሎ። “የምጠብቀው ጠማማ ብረት እስኪገዛልኝ ነው። ኮሚቴ ተቋቁሟል።”

ኮሚቴ የሚለውን ስሰማ ራሴን አዳራሽ ውስጥ አገኘሁት። መድረኩ ላይ ሁለት ፑንታዎች ከረባት አስረው ተቀምጠዋል። ሁለቱንም አውቃቸዋለሁ፤ ሰሞኑን የትኛውን እንግዛ ሲባል በእያንዳንዳቸው አርባ አርባ ቀዳዳ አስበስቼ ለክቻለሁ። ሁለቱም ጥርሳቸው ሲደነዝዝ ጥርሱ ብቻ ተነቅሎ ይቀየራል። አንደኛው አናቱ ላይ እንደ ቆብ የሚገጠም አንድ ጥርስ አለው፤ መሃሉን ይዞ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ለሁለተኛው ሁለት ትንንሽ ጥርሶች ይታሰሩለታል፤ እያንዳንዳቸው አራት ስለት ስላላቸው አንዱ ሲደነዝዝ ሩብ ዙር አዙሮ መቀጠል ነው። ለጠንካራ ማሽንና ለአጭር ቀዳዳ ግሩም ነው። የእኛ ማሽን ግን ዘንጉ ካረጀ ቆይቷል፤ ቀዳዳችንም ጥልቅ ነው። ባለ አራት ስለቱ ወደ ጎን እየገፋ ከአርባው አሥራ ሰባቱን አጣሞብኛል።

በሕልሜ ግን መራጮቹ እነሱ፣ ተመራጮቹ እኛ ነበርን። ብረት ጨምድዶ የሚይዘው ሞርሳ ላይ ሁለት ሰዎች ታስረዋል። አንዷ ፈትለወርቅ ናት፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት በዚያ አሮጌ ማሽን ስትበሳ የኖረች። ለተጣመሙ ቀዳዳዎች ሁለት ማስጠንቀቂያ ተጽፎባታል፤ ሦስተኛው ስንብት ነው። ሌላው የግዥ ኮሚቴው ሊቀመንበር አቶ ደምሰው ናቸው፤ ማሽን የነኩት ፎቶ ሊነሡ ተደግፈውት ብቻ ነው።

“ይቺ ስንት ጎን አላት?” አለ አንዱ ፑንታ።

“አንድ። ቀጥ ብላ መሄድ ብቻ ነው የምታውቀው” አለ ሌላው።

“ምስኪን!”

አቶ ደምሰው ግን አራት ማዕዘን ሆነው ነበር። ስለ ዘመናዊነት ተናገሩ፣ ተናገሩና ምላሳቸው ደነዘዘ። ፑንታው ተነሥቶ በመፍቻ ፈታቸው፤ ሩብ ዙር አዙሮ መልሶ አሰራቸው። በአዲሱ ጎናቸው ያንኑ ንግግር ከ“ክቡራን” ጀመሩ። ሦስት ጊዜ ዞሩ፤ አንድ ቃል አልተለወጠም። አዳራሹ በየዙሩ አጨበጨበ።

“ጋሽ መርሻ!” ብላ ጮኸች ፈትለወርቅ። “እርስዎ ለክተው የለ? ይናገሩልኝ እንጂ!”

“እዚህ የሚደግፍ ዝም ይላል፤ የሚቃወም እጁን ያነሣል” አለ ፑንታው። “አቶ ደምሰው ይገጠሙ፤ ሴትዮዋ ትሰናበት። ተቃውሞ አለ?”

ማንም አልተነቃነቀም። እኔ ትከሻዬ ቋ እስኪል ድረስ እጄን አነሣሁ።

“በጣም ጥሩ! ጋሽ መርሻም ደገፉ። ባለ አራት ስለቱ በሙሉ ድምፅ ጸድቋል።”

ድምፁ የፑንታው ሳይሆን የአቶ ደምሰው ነው፤ ዐይኔን ገለጥኩ። የግዥ ኮሚቴው ስብሰባ ላይ ነኝ። አቶ ደምሰው ያለፈውን ቃለ ጉባኤ ለሁለተኛ ጊዜ ሲያነቡ እንቅልፍ ጥሎኝ ኖሯል። ለድጋፍ የተነሣው የሌሎቹ እጅ ወርዷል፤ የእኔ ብቻ እንደ ባንዲራ ምሰሶ ተገትሯል።

“እኔ እኮ ተቃውሜ ነው!”

“እጅ አንሥተው?”

“ተኝቼ ነበር።”

“ተኝተው ነበር ብለን ቃለ ጉባኤው ላይ እናስፍርልዎት?” አሉ አቶ ደምሰው። ኮሚቴው በሳቅ ፈረሰ። “ደግሞስ ጋሼ፣ አራት ከአንድ ይበልጣል። ይሄ ምን መለካት ያሻዋል?”

የሰማንያውን ቀዳዳ ልኬት የጻፍኩበትን ወረቀት በዐይኔ ፈለግሁ። ስምንት ቦታ ታጥፎ የጠረጴዛው እግር ሥር ተወትፏል። ጠረጴዛው ሲወዛወዝባቸው አላስቻላቸውም።

በሩ ገርበብ አለ። ፈትለወርቅ ግራሶ የነካ እጇን ወደ ኋላ ደብቃ አንገቷን አስገባች።

“ጋሽ መርሻ፣ የትኛው ሆነ?”

እጄ ገና አልወረደም ነበር።