አጥፍተህ አብራው

ማንኛውም ችግር አጥፍቶ በማብራት ይፈታል የሚል ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እዚህ ጭሮ፣ እኛ የጤና መድን ቢሮ አንድ አለ። ግርማ ይባላል፤ የኮምፒውተር ባለሙያችን ነው።

ባለፈው ዋይፋዩ ጠፋ። ከገለምሶ የመጡ ሐጂ ሙሜ የሚባሉ አዛውንት ፊቴ ተቀምጠዋል። ልጃቸው ታሞ ተኝቷል፤ ወደ ትልቅ ሆስፒታል የሚላከው የጤና መድኑን እኔ በላፕቶፑ ሳረጋግጥ ነው። ግርማ ላፕቶፔን አጥፍቶ አበራው። ደግሞ አጠፋው። ቀጥሎ ፕሪንተሩን፣ በመጨረሻም የክፍሉን አምፖል።

ጠፍቶ እንደገና መብራት የነበረበት ግን የዋይፋዩ ሳጥን ነበር። እሱ ደግሞ ሠራተኛው ቪዲዮ እንዳያይበት ተብሎ ኃላፊያችን ክፍል ይቆለፋል። ኃላፊው ቁልፉን ይዘው ቦርደዴ ስብሰባ ሄደዋል፤ ስልካቸው ዝግ ነው። በሩን ማን ይስበር? እናንተ ትሰብሩ ነበር?

«ኢንሻአላህ ይመጣል» አሉ ሐጂ፣ እኛኑ ሊያጽናኑ።

በማግስቱ ኃላፊው ተመለሱ፤ ዋይፋዩም መጣ። ለሐጂ ደወልኩ።

«ልጄ፣ አሁን ቀብረነው መመለሳችን ነው» አሉኝ።

ኃላፊው ከልባቸው አዘኑ። ለቅሶ እንድረስ ብለው ሁላችንንም አስነሱን። ስንወጣ ክፍላቸውን ቆለፉና ቁልፉን ኪሳቸው ከተቱ።