ባቡር እየሠራ ነው አሉ

በእኛ አገር ለአንድ ትልቅ ሰው የማይፈቀድለት ነገር ቢኖር ጥቅም የሌለው ነገር መሥራት ነው። ጥቅም የሌለው ነገር ማየት ይፈቀዳል፤ በስም እንኳ በቅጡ የማይጠራቸው ፈረንጆች ኳስ ሲራገጡ እያየ ደሙ ቢፈላ ማንም ምንም አይለውም። ጥቅም የሌለው ወሬ ማውራትማ ግዴታ ነው፤ እምቢ ያለ ኩራተኛ ይባላል። ነገር ግን ይኸው ሰው ጠረጴዛ ላይ አቀርቅሮ በመቀስና በኮላ አንዲት ትንሽ ነገር ሲሠራ ከታየ አለቀለት። «ለምን ይጠቅማል?» ይባላል።

እኔን ይህ ጥያቄ የጀመረኝ ከገዛ ቤቴ ነው። ጠያቂዋ ባለቤቴ ወይንሸት ናት። የምሠራው ደግሞ የባቡር ፉርጎ ነው፤ ጣራ የሌለው፣ የዕቃ መጫኛው። አትደንግጡ፣ ርዝመቷ ከስንዝሬ አያልፍም። ለሥራ ድሬዳዋ ሄጄ ሳለ ዝጎ የቆመ አንድ አሮጌ ፉርጎ አየሁና ልቤ እዚያው ቀረ። በሜትር ስለካው ያየኝ ጥበቃ «ሊገዙት ነው እንዴ?» አለኝ። ጉለሌ ስመለስ ግድግዳዋን ከዘይት ቆርቆሮ ቆረጥኩ፤ የብሎኖቹ ራስ ጎላ ብሎ እንዲታይ ቆርቆሮውን ከጀርባው በደነዘ ምስማር አንድ በአንድ ጠቀጠቅሁት። ወለሏ የአይስክሬም እንጨት፣ ዘንጓ የጃንጥላ ሽቦ፣ ቀለሟ ከአጥሩ በር የተረፈ አንቲረስት ነው። ያስቸገረኝ መንኮራኩሩ ነበር። ጠርዙ ከፍ ያለ ክብ ነገር ፍለጋ ቤቱን ሳምስ፣ ቁም ሣጥን ውስጥ የወይንሸት የክረምት ካፖርት ላይ አራት ቁልፎች ተደርድረው አገኘሁ። ለእኔ ተብለው የተሠሩ ይመስሉ ነበር። ጊዜው በጋ ነው፤ በጋ ደግሞ ሰውን ያታልላል።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ምኞቴ ትልቅ አልነበረም። አንድ ሰው፣ ቢቻል ወይንሸት፣ ፉርጎዬን አይቶ ያቺን ጥያቄ ሳይጠይቀኝ እንዲቀር ብቻ ነበር የምፈልገው።

እሷ ግን ለጎረቤት «ባሌ ባቡር እየሠራ ነው» አለች፤ በምን ዓይነት ድምፅ እንዳለችው ባለትዳር የሆናችሁ ታውቁታላችሁ። ወሬው አጥር ዘሎ እማማ ጥሩነሽ ጆሮ ገባ። እማማ ጥሩነሽ ገጠር አድገው፣ ጎልምሰው ጉለሌ የገቡ፣ ሰፈሩ የሚያከብራቸው ጎረቤታችን ናቸው። በር ላይ ያዙኝ።

«ባቡር እየሠራህ ነው አሉ?»

«አዎ፣ እማማ።»

«ጎሽ የኔ ልጅ! ከሸጎሌ መመላለሱን ገላገልከን።»

ቀልደኛነታቸው ደስ አለኝ። «ትንሽ እኮ ናት» አልኳቸው።

«ለሰፈራችን ትበቃለች። ጩኸቷ እንዴት ነው?»

«ምንም ድምፅ የላትም።»

«ዘመናይ ናት በለኛ! መቼ ትደርሳለች?»

«ለቅዳሜ» አልኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም።

ቅዳሜ ጠዋት በሩ ተንኳኳ። እማማ ጥሩነሽ ወገባቸውን በነጠላ አስረው ቆመዋል። ከኋላቸው ጤፍ የተሸከመ ሰው፣ ከእሱ ኋላ ደግሞ በርበሬና የሽሮ እህል የያዙ ሁለት ሴቶች አሉ። ያን ጊዜ ገባኝ። እማማ ባደጉበት አገር ባቡር ማለት እህል የሚፈጭ ሞተር ነው። ለካ ያን ሁሉ ስናወራ እሳቸው ወፍጮ፣ እኔ ፉርጎ!

ፉርጎዬን አውጥቼ ከማሳየት በቀር ምን አማራጭ ነበረኝ? ከሴቶቹ አንዷ ሳቋን በነጠላዋ አፈነች። ወይንሸት እጇን አጣጥፋ «በል እንግዲህ ለምን እንደሚጠቅም ንገራቸው» አለችኝ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

እማማ ጥሩነሽ ግን ፉርጎዋን ተቀብለው አገላበጧት፤ የብሎኖቹን ራስ በጣታቸው ዳሰሱ። «ምን ትጭናለች?» አሉኝ።

«እስካሁን ምንም።»

«ታዲያ ባዶዋን ትቁም?» ከጆንያው አንድ እፍኝ ጤፍ ዘግነው አፈሰሱባት። እንደ ጤፍ ደቃቅ እህል የለምና ፉርጎዋ ወዲያው ከድሬዳዋው እኩል የገዘፈች መሰለች። «በል ላካት» ብለው ሴቶቹን አስከትለው ወደ ሸጎሌ ወፍጮ ሄዱ።

ከዚያ ወዲህ ባገኙኝ ቁጥር «ጤፌ የት ደረሰች?» ይሉኛል። ሞጆ ደርሳለች እላቸዋለሁ። አንዴ ረስቼ ደግሜ ሞጆ ብላቸው ከልባቸው ተቆጡ። «ባለፈውም ሞጆ ነበረች እኮ! ሾፌሩ ተኝቷል?» ወይንሸት ይህን ስትሰማ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። ትሳቅ ትናደድ አላውቅም ነበር።

ክረምት ገባ። የእንጦጦ ብርድ ሲወርድብን ወይንሸት ካፖርቷን አውጥታ ለበሰች፤ የሚቆለፍ ነገር ግን አጣች። ካፖርቱን አየች፣ እኔን አየች፣ ቀጥሎ መደርደሪያውን። ሄዳ ፉርጎዋን አነሳች። ጤፉ እንዳይፈስ ተጠንቅቃ ከፍ አደረገችና ከሥር ተመለከተች።

እማማ ጥሩነሽ ከአጥር ወዲያ «ጤፌ የት ደረሰች?» ብለው ተጣሩ።

እኔ አፌን ሳልከፍት ወይንሸት መለሰችላቸው። «አዋሽን አልፋለች እማማ! የካፖርቴ ቁልፎችም አብረዋት ሄደዋል!»

«እሰይ! ብቻዋን አልሆነችም» አሉ እማማ።

ወይንሸት ፉርጎዋን ቀስ ብላ ቦታዋ መለሰቻት። «ቤት እንገናኛለን» የሚል ዓይን ወርውራብኝ፣ ካፖርቷን በመርፌ ቁልፍ አያይዛ ወደ ሥራዋ ወጣች። ለምን ይጠቅማል ግን አላለችም።